ሁለተኛው ኩርባ ላይ ለነበራችሁ

በዚያ ቅዳሜ የነበርነውን አንድ በአንድ ልጥራ። ጋሼ ነበሩ፤ ሄልሜታቸውን ክርናቸው ላይ አንጠልጥለው። እናቴ ነበረች፤ ከአረጋውያን መንከባከቢያው የሥራ ልብሷን ሳትቀይር የመጣች። አጎቴ ነበር፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚነዳው። ከቸርቻችን ሽማግሌዎች አንዱ ነበሩ፤ ያ ሁሉ ሙቀት ከረባታቸውን አላስፈታቸውም። ከፍሌሚንግተን ሰፈር ፎቆች የመጡት የወለጋው ሰው ነበሩ፤ በጥበቃ ሥራ የሚተዳደሩ። ታናሽ እህቴ ነበረች፤ ጋሼ ውድድር ያስተማሯት። ከጋሼ ጋር በብስክሌት የሚወርዱ ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ ጢሙ የሸበተ የቧንቧ ሠራተኛ፣ አንዲት የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ፣ ከጂሎንግ የመጣ ዝምተኛ ሰው። የመጀመሪያ እርዳታ የምትሰጠው ሴት ነበረች፤ ቦርሳዋን ከእግሯ ሥር አድርጋ ጥላ ሥር የተቀመጠች። እኔ ነበርኩ፤ መነሻው ኮረብታ ላይ፣ ነጂዎቹን አግዶ ከሚይዘው የብረት መዝጊያ፣ «ጌት» ከምንለው፣ ማዘዣ ጀርባ። ከዚህ ሌላ፣ ሁለተኛው ኩርባ አጠገብ አጥሩን ተደግፈው የቆሙ ስማቸውን የማላውቃቸው ሰዎች ነበሩ። ይህን የምጽፈው በተለይ ለእነሱ ነው።

ከጠራኋቸው ውስጥ ብዙዎቻችን አንድ ነገር እናውቅ ነበር። ጋሼ ከወደቁ አንገታቸው አይተርፍም።

ጋሼ ስላቸው ሐበሻ እንዳይመስሏችሁ። እዚሁ ሜልበርን፣ ምዕራቡ ሰፈር ተወልደው ያደጉ ፈረንጅ ናቸው። ዕድሜያቸው ስድሳን አልፏል። መጀመሪያ እንደ ሌላው ሰው በስማቸው ስጠራቸው እናቴ ሰማችና «አባትህን የሚያክል ሰው እንዲህ ይጠራል?» ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ ወዲህ እኔም፣ ከፖይንት ኩክና ከሆፐርስ ክሮሲንግ ሰፈሮች የሚመጡት ሕፃናትም ጋሼ አልናቸው። ለምደውት ነበር። ፉትስክሬይ ገበያ አንዱ ሌላውን «ጋሼ!» ብሎ ሲጣራ እሳቸው ዞር ሲሉ አይቻለሁ። የምናወራው በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ስጽፈው ግን «አንተ» ብዬ ልጽፋቸው እጄ እሺ አይለኝም።

ያገናኘን የተጣለ ብስክሌት ነው። እኛ ሰፈር ሰው የማይፈልገውን ዕቃ ከደጁ ሣር ላይ ያወጣና ማዘጋጃ ቤቱ እስኪያነሳው ይተወዋል። ከእንዲህ ያለ ክምር ውስጥ የኋላ ጎማው የተጣመመ ቢኤምኤክስ አገኘሁ፤ ያ ትንንሽ ጎማ ያለው፣ ማርሽ የሌለው፣ በአፈር ጉብታ ላይ የሚዘለልበት ብስክሌት። ቪዲዮ እያየሁ ፈታሁት፤ ሽቦዎቹን በየተራ እያጠበቅሁ ጎማውን አቀናሁት። ጋሼ ልጆችን ወደሚያሠለጥኑበት የውድድር ሜዳ ስወስደው እሳቸው ብስክሌቱን ገልብጠው ጎማውን በጣታቸው አሽከረከሩ።

«ይህን ማን አስተማረህ?»

«ማንም።»

«ያስታውቃል» አሉ። በማግስቱ ጋራዣቸው ሄጄ እንደገና ሠራሁት።

ስለ ቀድሞ ሕይወታቸው የማውቀውን ሁሉ የሰማሁት እዚያ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ እሱም በቁርጥራጭ። ስለ ዋንጫ ስጠይቃቸው ስለ ፔዳል ይነግሩኛል። በዚህ ከተማ ቢኤምኤክስ ለመንዳት ደሞዝ ከተከፈላቸው ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበሩ። ያኔ ነገሩ የልጆች ጨዋታ ነበር። ሜዳውን ወላጆች በዕረፍት ቀናቸው በተውሶ ዶዘር ይገፉታል። ሄልሜቱ የሞተር ብስክሌት ሄልሜት ነው። የጉልበት መከላከያቸውን እናታቸው ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ሰፍተውላቸዋል። አንድ የብስክሌት ሱቅ ስሙ የታተመበት ማሊያ አለበሳቸውና በየሳምንቱ ሊከፍላቸው ተስማማ። የቄራ ሠራተኛ የነበሩት አባታቸው «ለመውደቅም ይከፈላል?» ብለው ለጎረቤት ሁሉ ሲያወሩ ከረሙ። ጋሼ በሱቁ ቫን አዴሌድ ሄዱ፣ ሲድኒ ሄዱ፣ ማታ ማታ ከብስክሌቶቹ ጋር ቫኑ ውስጥ ተኙ። ጎማ ሲነፉ ጆሯቸውን ጠጋ አድርገው ያዳምጡ እንደነበር ነግረውኛል፤ ዛሬም እንደዚያ ያደርጋሉ።

ያበቃው በአንድ ውድድር፣ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ነው። ከጎናቸው የነበረው ልጅ ክርኑን ሰነዘረና በአናታቸው ተተከሉ። ተነሡ፤ ብስክሌታቸውን ጫኑ፤ አንገታቸውን በፎጣ ጠምጥመው ረጅሙን መንገድ እየነዱ ቤታቸው ገቡ። አጥንቱ መሰንጠቁ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። «ሐኪሙ ፎቶውን አይቶ በእግሬ መምጣቴን ስነግረው ለእኔ ያቀረበውን ወንበር ራሱ ተቀመጠበት» ይላሉ። ከሆስፒታል ሲወጡ የሱቁ ባለቤት አስጠራቸው። ሰውየው ከጠረጴዛው ተነሥቶ ቆመ። እንዳንተ ያለ ነጂ አላየሁም፣ ወደፊትም አላይም አላቸው፤ ብዙ ብዙ አመሰገናቸው። ከዚያ ማሊያውን መልሶ ተቀበላቸው።

የቀረውን ዘመናቸውን ጣሪያ ሲከድኑ ኖሩ። አንገታቸው ሲብስ በብረት ታሰረ። እኔ በማውቃቸው ጊዜ በግራ እጃቸው ኩባያ አይዙም ነበር። የግራ ጣቶቻቸው አንዳንዴ የሉም ይሉ ነበር። «አሁን የሉም» ይላሉ እያዩዋቸው፤ ጥቂት ቆይተው ደግሞ «መጡ።»

አሮጌው መነሻ ኮረብታ ሊፈርስና አዲስ ሊሠራ ሆነ። ከመፍረሱ በፊት የድሮ ነጂዎች ለመጨረሻ ጊዜ ይውረዱ ተባለ፤ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ጋሼ ሆኑ። ኩዊንስላንድ የምትኖረው ልጃቸው ይህን ስትሰማ እናቴ ዘንድ ደወለች። ሐኪሙ ያለውን ነገረቻት፦ አንድ ተጨማሪ መውደቅ፣ ከዚያ በኋላ ከአንገት በታች ምንም። «እኔን አይሰማኝም። እናንተን ግን ይወዳል» አለቻት። እናቴ ከአንገት በታች ምንም ማለት ምን እንደሆነ የሚያስረዳት ሰው አያስፈልጋትም። እንዲህ ያሉ ሰዎችን በማንኪያ ታጎርሳለች፤ ታገላብጣለች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ የራሷን አንገት በእጇ ይዛ ቆየች።

«እኔ ልንገራቸው» አልኳት።

«አንተ ልጅ ነህ። ትልቅ ሰው በልጅ አፍ አይከለከልም። ሽማግሌ ይላክባቸው።»

ሦስት ሰው ተላከ፦ አጎቴ፣ የቸርቻችን ሽማግሌና የፍሌሚንግተኑ ሰው። እኔ አስተርጓሚ ሆኜ ተከተልኩ። ሦስቱም ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ጋሼ በቁምጣ በር ከፈቱልን፤ አዩን፤ ወደ ቁምጣቸው አዩ። ሮጠው ወንበር አቀረቡ።

«አንቀመጥም» አሉ የቸርቻችን ሽማግሌ። «የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም በላቸው።»

አልኳቸው። የጋሼ ፊት ተለወጠ። የያዙትን ወንበር ቀስ ብለው መሬት ላይ አሳረፉት።

የቸርቻችን ሽማግሌ ጀመሩ። ልጆቻችን መንገድ ላይ እንዳይቀሩ የያዙልን እርስዎ ነዎት አሉ። ባዕድ አገር ስንመጣ ዘመድ ሆኑን አሉ። በወጣትነትዎ ያገኙት ክብር ዛሬም ከእርስዎ ጋር ነው፣ ማንም አይወስደውም አሉ። አጎቴ ተቀበላቸው፤ የእርስዎ ጤና የእኛ ጤና ነው፣ እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው አለ። እኔ ቃል በቃል ተረጎምኩ። ይህ ሁሉ መንደርደሪያ መሆኑን የማያውቅ ሐበሻ የለም። ምስጋናው ሲያበቃ «እንግዲህ» ይባላል፤ ጉዳዩ ከ«እንግዲህ» ቀጥሎ ነው የሚመጣው።

«እንግዲህ» አሉ የቸርቻችን ሽማግሌ፣ «እንደ ታላቅ ወንድማችን አይተንዎት፣ ልመናችንን አይገፉም ብለን...»

«አትጨነቁ» አሉ ጋሼ። ትርጉሙን አልጠበቁም፤ ግማሹ ገና አፌ ውስጥ ነበር። «እነዳለሁ። ለእናንተ ስል እነዳለሁ። ሁላችሁም ኑና እዩኝ።»

የተረጎምኩት ቀስ ብዬ ነው። የቸርቻችን ሽማግሌ ከረባታቸውን ነካ ነካ አደረጉ። የፍሌሚንግተኑ ሰው «የለም፣ እኛ የመጣነው...» ብለው ሲጀምሩ አጎቴ ክንዳቸውን ጨበጠ።

«ቆይ እስቲ» አላቸው በሹክሹክታ። «በገዛ ቤቱ፣ ደስ ብሎት እያለ?»

ተቀመጡ። ጋሼ ሻይ በወተት አፍልተው አቀረቡ፤ ትሪውን በቀኝ እጃቸው ብቻ ይዘው። ሦስቱም ጠጡ።

መኪናው ዘንድ ስንደርስ የፍሌሚንግተኑ ሰው ኮታቸውን አውልቀው ጣሪያው ላይ ወረወሩት።

«የእኔ አማርኛ አጭር ነው» አሉ። «ለእኔ ትታችሁት ቢሆን በአጭሩ አልቆ ነበር። ጋሼ፣ አትውረድ፤ ሁለት ቃል።»

«እንዴት ሰውን ፊት ለፊት አርጅተሃል ይሉታል?» አለ አጎቴ።

«አንገቱ ይሰበር ታዲያ?»

«እግዚአብሔር ይጠብቀዋል» አሉ የቸርቻችን ሽማግሌ።

«ሊጠብቀው ፈልጎ እኮ ነው እኛን የላከን!»

በሌላ ቀን ተመልሰው በግልጽ ሊነግሯቸው ተስማሙ። ግን የአጎቴ ሺፍት ጠዋትና ከሰዓት ነው፤ የፍሌሚንግተኑ ሰው ማታ ነው የሚሠሩት፤ የቸርቻችን ሽማግሌ ሰርግ ነበረባቸው። እናቴ በየዕለቱ «ሄዳችሁ?» ብላ ትደውላለች፤ አጎቴ በየዕለቱ «ነገ» ይላል። ቅዳሜ ደረሰ።

ቀኑ የሰሜን ነፋስ የሚነፍስበት፣ ከምድጃ አፍ ላይ የቆሙ የሚመስልበት ቀን ነበር። ከሜዳው ባሻገር ያለው ሣር ነጥቶ ደርቋል። ለዕለቱ ትልቅ ድንኳን ተክለን ነበር፤ ከኮረብታው ላይ ሆኜ የመጀመሪያውን መስመርና የመጀመሪያውን ኩርባ አያለሁ፤ ሁለተኛውን ድንኳኑ ይጋርደኛል። ስልኬ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይዞራል ይላል። እዚህ የኖረ ሰው ይህን መዞር ያውቀዋል። ድንገት ጸጥ ይላል፤ ቅጠል አይነቃነቅም። ከዚያ ከባሕሩ በኩል በር የተበረገደ ያህል ይመጣል። የድሮ ነጂዎች የሚወርዱት ገና ጠዋት ላይ ነበር። ግን ድምፅ ማጉያው አልሠራ አለና ፕሮግራሙ ሁሉ ወደ ኋላ ተገፋ። ገመዱን እኔው ቀይሬ ሲሠራ ሰማዩ በደቡብ ምዕራብ በኩል እንደ ቆሸሸ ብረት ጠቁሮ ነበር።

አራቱ ብስክሌታቸውን እየገፉ ወደ ኮረብታው ወጡ።

«አያቴ መጣ!» አለ የቧንቧ ሠራተኛው። «ጥርስህን ለማን አደራ ሰጥተህ ነው?»

«አንተን ልነክስበት ይዤው መጥቻለሁ» አሉ ጋሼ።

«ዝም ካላላችሁ ሁለታችሁንም አቧራ አለብሳችኋለሁ» አለች አስተማሪዋ። ከጂሎንግ የመጣው ሰው ሰማዩን ያያል።

ጋሼ ከእኔ በኩል ያለውን የመጀመሪያውን ቦታ ያዙ። ጎንበስ አልኩ።

«ጋሼ፣ አይውረዱ። ሽማግሌዎቹ ሊነግሩዎት የመጡት ይህን ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ።

አየኋቸው።

«ወንበር ሳቀርብላቸው እምቢ ሲሉ ነው የገባኝ። በዕድሜዬ ሰዎች ፊቴ ቆመው ያመሰገኑኝ ሁለት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ማሊያዬን ተቀበሉኝ።»

«ታዲያ ለምን እነዳለሁ አሉ?»

«ቀደምኳቸዋ። ቢጠይቁኝ ኖሮ እሺ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ? ሦስት ሰው በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ለብሶ መጥቶ!» ሳቁ። «እንደ ጌቱ ነው፣ ወዳጄ። ቀድሞ የወጣ መስመሩን ይይዛል።»

«እንግዲያው አሁን እኔ እየለመንኩዎት ነው።»

ከማዘዣው ጀርባ የተቀመጥኩበትን በርጩማ አዩ። «አንተማ ተቀምጠሃል» አሉ።

ተነሥቼ ቆምኩ። እሳቸው ግን ሄልሜታቸውን አጥልቀው ነበር። ሄልሜት ከጠለቀ በኋላ ኮረብታው ላይ ክርክር የለም፤ ይህን ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፤ «ግራ እጄን እይልኝ።» መሪው ላይ ያለውን እጃቸውን በእጄ ሸፍኜ ጣቶቹን አንድ በአንድ ነካሁ። መሪውን ጨብጠውታል።

«አሉ?»

«አሉ» አልኳቸው።

የፊት ጎማቸውን ከቆመው ጌት ጋር አስደገፉ። የዚያ የብረት መዝጊያ ማንቀሳቀሻ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። ተጫንኩ። የተቀዳው ድምፅ ተዘጋጁ አለ፤ መብራቶቹ ተከታትለው በሩ፤ ጌቱ ወደቀ።

ጋሼ ቀድመው ወጡ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ሌሎቹ ገና ሁለተኛውን ፔዳል ሲረግጡ እሳቸው የመጀመሪያውን ጉብታ አልፈዋል። አልዘለሉትም፤ ጎማቸው መሬቱን እንደነካ ሰውነታቸው ብቻ ከፍ ዝቅ አለ። ብስክሌቱ ላይ የነበሩት እኔ የማውቃቸው ሽማግሌ አይመስሉም ነበር። የመጀመሪያውን ኩርባ ከላይ ይዘው ገቡ፤ ከታች ወጡ። አስተማሪዋ ቀርባቸዋለች። ከዚያ ድንኳኑ ጋረደኝ።

ነፋሱ የቆመው ያኔ ነው። የድንኳኑ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከዚያ ከደቡብ ምዕራብ መጣ፤ ድንኳኑ ተነፍቶ አንድ እግሩ ከመሬት ተነቀለ፤ አቧራው ሜዳውን ሸፈነው። የቀደመው ነፋሱ ይሁን ጩኸቱ አላውቅም።

ሮጬ ስደርስ የመጀመሪያ እርዳታ ሰጪዋ ሴት ተንበርክካ ጭንቅላታቸውን በሁለት እጇ ይዛለች። ሄልሜቱን ማንም እንዳይነካ ትጮሃለች። ብስክሌታቸው ራቅ ብሎ ተጋድሟል፤ የፊት ጎማው አሁንም ይዞራል። የቧንቧ ሠራተኛው የራሱን ሄልሜት አውልቆ በእጁ ይዞ ቆሟል። እናቴ ከጎናቸው ሆና ጫማቸውን ነክታ «ይሰማዎታል?» አለች፤ በአማርኛ ነው የጠየቀቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ሽማግሌዎቹ ሦስቱም ኮታቸውን ዘርግተው አቧራውን እየከለሉ ከበቧቸው። አምቡላንሱ እስኪመጣ ድረስ እንደዚያው ቆሙ።

ጋሼ በሕይወት አሉ። በራሳቸው ይተነፍሳሉ፤ ይናገራሉ፤ የቀኝ አውራ ጣታቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ሌላው የለም። የሥራ ዕረፍት ሲኖረኝ እየሄድኩ ጎማ ስለተነፈሰበት፣ ካቴና ስለላላበት ብስክሌት እነግራቸዋለሁ። አጎቴ እንደገባ አይቀመጥም፤ ጋሼ «ተቀመጥ በለው፣ ሲቆም ያስፈራኛል» ይሉኛል።

ከጌቱ መውደቅ በኋላ ያለውን አያስታውሱም። ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ እሱን ነው፦ ሁለተኛው ኩርባ ስገባ ቀዳሚ ነበርኩ? ምን ጣለኝ? እኔ አላየሁም፤ ድንኳኑን ረድቼ የተከልኩት እኔ ብሆንም። አስተማሪዋ እስከ መጨረሻው ቀዳሚ ነበሩ ትላለች፤ የቧንቧ ሠራተኛውም ነፋሱ ባይመጣ ማንም አይደርስባቸውም ነበር ይላል። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ጣሪያውን ያያሉ። «እነሱም ቆመው ነው የነገሩህ?» ይላሉ። እህቴ ኩርባው ዘንድ ነበረች። ስጠይቃት «አይ ዶንት ኖው» ብላ ክፍሏን ትዘጋለች። አላስገድዳትም።

ስለዚህ አጥሩን ተደግፋችሁ የነበራችሁ ሰዎች፣ የምፈልገው ከእናንተ ነው። ኩርባው ሲጀምር ማን ነበር ቀዳሚ? የግራ እጃቸው ከመሪው የተነሣው ነፋሱ ከመምጣቱ በፊት ነው ወይስ ከመጣ በኋላ? ወይስ ጭራሽ አልተነሣም? የፊት ጎማው ነው የተንሸራተተው፣ የኋላው? ሲወድቁ አንድ ነገር ተናግረዋል? ያያችሁትን ብቻ ንገሩኝ፤ ጥቂትም ቢሆን፣ የሚያስከፋም ቢሆን። ምስጋናውን ዝለሉት። ጋሼ የሚጠብቁት ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ነው።